የቤተሰብ ፎቶና ድምፅ በቤት ውስጥ፦ ትንሿ ኮምፒውተር የምትችለውና የማትችለው

የቁስል ፋሻ ለመቀየር ወይም ስኳር ለመለካት በየሰው ቤት እገባለሁ። ሥራዬን ጨርሼ ቦርሳዬን ስዘጋ ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ፔላፎን እይልኝ። ሞላሁ፣ ሞላሁ ትለኛለች። ምኗን ላጥፋላት?» ስከፍተው ከየቦታው የተላከ የመልካም ቀን ምኞትና ቀልድ በመቶ ይቆጠራል። በዚያ መሀል ደግሞ የልጅ ልጅ ባር ሚጽዋ አለ፣ ጎንደር የቀረች እህት የላከችው ቪዲዮ አለ፣ ያረፈ ባል ድምፅ አለ። «ይሄን አጥፊው፤ ኧረ እሱን ተይው» እየተባባልን እንቀመጣለን። ለዚህ የሚሆን ሰዓት በሥራ ዝርዝሬ ላይ የለም፤ ግን እማማን በዚያ ሁኔታ ትቶ መውጣት ይከብዳል።

አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። «ልጁ የቤት ሰርቨር የሚባል ነገር እንግዛ ይለኛል፤ ፎቶውን ሁሉ ያስቀምጣል አለኝ። ምንድን ነው? ገንዘብ ማባከን ነው?» እኔ ነርስ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ዕቃ የተማርኩት በእናቴ ቤት፣ እዚሁ አሽዶድ፣ ተክለን፣ አበላሽተን፣ እንደገና ሠርተን ነው። ያንን ልንገራችሁ።

አሁን ፎቶው የት ነው ያለው?

በአንድሮይድ ፔላፎን የተነሣ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ በጉግል አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ጉግል በነጻ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱም ለፎቶ ብቻ ሳይሆን ለኢሜይልና ለሌላው ፋይል ሁሉ የጋራ ነው። ከጁን 1 ቀን 2021 በፊት ፎቶ መጠኑ ትንሽ ተቀንሶ ያለ ገደብ በነጻ ይቀመጥ ነበር፤ ያ ቀርቷል። አይፎን ለያዘ ሰው አፕል በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። በተጨማሪም ለሁለት ዓመት ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ጉግል ሊሰርዘው ይችላል።

በእኛ ቤቶች የማየው ትልቁ ችግር ግን ከዚህ ይለያል። አካውንቱን የከፈተው ፔላፎኑን የሸጠው ልጅ ነው። ስሙን ከራሱ ፈጥሮ ጽፏል፣ የይለፍ ቃሉን ማንም አያውቀውም። ፔላፎኑ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ አዲስ ይገዛል፣ ሌላ አካውንት ይከፈታል፣ የድሮው ፎቶ ከድሮው አካውንት ጋር ይቀራል። ስለዚህ ምንም ዕቃ ሳይገዙ ዛሬ ማድረግ የሚቻል ነገር አለ፦ ልጅዎን ወይም የልጅ ልጅዎን ጠርተው፣ በፔላፎንዎ ያለው አካውንት የትኛው እንደሆነ አስጠይቀው፣ የይለፍ ቃሉን አስቀይረው፣ በወረቀት አስጽፈው ያስቀምጡ።

በወር ጥቂት ሽቅል እየከፈሉ ቦታውን ማስፋትም ይቻላል። ነውር የለውም። በቤቱ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚወድ ወጣት ለሌለው ሰው እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለሌሎቹ ነው።

ከመታወቂያ ካርድ ብዙም የማትበልጥ ሰርቨር

ሰርቨር ሁልጊዜ በርቶ የሚቆይ፣ ሌላ መሣሪያ የላከለትን የሚያስቀምጥ፣ ሲጠየቅ መልሶ የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው። የአገር ቤቱን ጎተራ ያስቡ፤ ያመረቱትን ያስገቡበታል፣ ሲያስፈልግ ያወጡበታል። ጉግልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ጎተራው የእሱ መሆኑ ነው።

ለቤት የሚሆነው በጣም የታወቀው ዕቃ ራስፕቤሪ ፓይ ይባላል። የታሰበው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ላይ ነው። ኤበን አፕተን የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ፣ ኮምፒውተር ለመማር ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያመለክቱ ወጣቶች ቁጥር ማነሱን አይተው፣ ልጅ ሳይፈራ ሊነካካው የሚችል ርካሽ ኮምፒውተር ለመሥራት ተነሡ። የመጀመሪያው በፌብሩዋሪ 2012 በ35 ዶላር ለሽያጭ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ሙሉው ኮምፒውተር በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለ ሲሆን ሰሌዳው ከቴዑዳት ዜሁት ብዙም አይበልጥም። ስክሪንም ኪቦርድም የለውም፤ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላም አያስፈልገውም።

ልጁ «ዋጋው ትንሽ ነው» ሲል የሚያወራው ስለ ሰሌዳው ብቻ መሆኑን ይወቁ። ሰሌዳው ብቻውን አይሠራም። የኃይል ማስገቢያ፣ ማራገቢያ ያለው ሳጥን፣ ሚሞሪ ካርድ፣ የኢንተርኔት ገመድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎቶው የሚቀመጥበት ውጫዊ ዲስክ ያስፈልጋል፤ ዲስኩም ሁለት መሆን አለበት። ለምን ሁለት እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። እኛ ሁሉንም ስንገዛ 1,100 ሽቅል ገደማ ወጥቶብናል፤ ከዚያ ትልቁን ድርሻ የወሰዱት ዲስኮቹ ናቸው። ዋጋው ይዋዥቃልና በሁለት ሦስት ቦታ ይጠይቁ። ሰሌዳው 4 ጊጋ ራም ካለው በታች አይግዙ፤ 8 ቢሆን ይሻላል።

በኃይል ማስገቢያው ላይ ደግሞ አይቆጥቡ። ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት፣ 3 አምፔር ነው፤ ፓይ 5 ደግሞ 5 ቮልት፣ 5 አምፔር። መሳቢያ ውስጥ ያለ የድሮ የፔላፎን ቻርጀር ይህን አይሰጥም። ዕቃው የበራ ይመስላል፣ ከዚያ ዲስኩ ሥራ ሲበዛበት በራሱ ይጠፋል፣ ልጁም ሌሊቱን ሙሉ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ያድራል።

መብራት ይበላል ወይ? አባቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ትክክልም ናቸው። ከነዲስኩ ከ5 እስከ 8 ዋት ይወስዳል እንበል። ይህ ቀንም ሌሊትም በርቶ በወር ከ4 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በገንዘብ ከ5 ሽቅል በታች። የተለመደውን የውኃ ማሞቂያ ዱድ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ማብራት የዚህን ዕቃ የአንድ ወር መብራት ይበላል። ስለዚህ በመብራት በኩል የሚያሳስብ ነገር የለም።

ቦታውስ? የፔላፎን ፎቶ በአማካይ 3 ሜጋባይት ነው ብንል፣ አንድ ቴራባይት ዲስክ ከ300 ሺህ ፎቶ በላይ ይይዛል። ቪዲዮ ግን ቦታ ይፈጃል፤ አንድ ደቂቃው 100 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ድምፅ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አንድ አዛውንት ሙሉ ሰዓት ቢያወጉ፣ ያ ወግ ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ያነሰ ቦታ ይወስዳል።

እኛ ቤት የሆነው

የእናቴን ቤት ዕቃ የተከለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። በሁለት ምሽት ጨረሰውና የእናቴም የአባቴም ፎቶ በቤቱ ዋይፋይ በራሱ ወደ ዲስኩ መሄድ ጀመረ። እናቴ የአሊያ ጊዜ ፎቶዋን በቴሌቪዥን ስታይ እልል አለች። ከዓመት በኋላ ወንድሜ ጦር ሠራዊት ገባ።

የፋሲካ ጽዳት ደረሰ። እናቴ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ያለውን ገመድ ሁሉ ነቅላ ጠረገችና ስትመልስ ትንሿን ሳጥን ረሳቻት። ለሰባት ሳምንት ማንም አላወቀም። መብራቷ መጥፋቱን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ገመዱን ብሰካው አልነሣ አለች። ሲነቀል እየጻፈ ስለነበር ካርዱ ተበላሽቷል። የይለፍ ቃሉ ያለው በወንድሜ ራስ ውስጥ ብቻ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ በሁለት ሳምንት አንዴ መጥቶ የሚፈልገው መተኛት ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ስላልጠፋ ቀስ ብሎ ያስተካክለዋል ብለን ተውነው። አስተካከለውም።

በዚያው ዓመት አባታችን አረፈ። አባቴ ዘወትር ዓርብ ከሰንበት በፊት ለእያንዳንዳችን በዋትሳፕ ምርቃት ይልክ ነበር። በድምፅ ነው፤ መጻፍ አይወድም ነበር። ከተዝካሩ በኋላ ፔላፎኑን ለአንዱ የወንድሜ ልጅ ለመስጠት ተስማማን። ሁሉም ሳጥኗ ውስጥ አለ ብለን ሙሉ በሙሉ አጸዳነው። በኋላ ስንከፍት አራት ሺህ ያህል ፎቶ አገኘን። ድምፅ አንድም አልነበረም።

ፕሮግራሙ ጥፋት የለበትም። ፎቶና ቪዲዮ እንዲቀበል የተሠራ ነው፣ ያንኑ ሠርቷል። እኛ ነን ያልጠየቅነው። የተረፈው ከተቀባዮቹ ዘንድ ነበር፤ የዋትሳፕ ድምፅ በላኪውም በተቀባዩም ፔላፎን ይቀመጣልና። እህቴ ለሦስት ዓመት ፔላፎን ስላልቀየረች ከእሷ 61 ምርቃት አወጣን። የእኔ አዲስ ነበር፤ ከእኔ የተገኘው ሦስት ነው።

ልጁ ሲሠራ ምን ይጠይቁት

ሥራውን ልጁ ይሥራው፤ እርስዎ አጠገቡ ይቀመጡ። መጀመሪያ በሌላ ኮምፒውተር ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አውርዶ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን በሚሞሪ ካርዱ ላይ ይጽፋል። እዚያው ላይ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይመርጣል። ድሮ በሁሉም ዕቃ ላይ ስሙ «ፓይ»፣ የይለፍ ቃሉ «ራስፕቤሪ» ነበር፤ ሌባውም ያውቀዋል። አምራቾቹ ይህን በ2022 አስቀርተውታል። ከሰው የተገዛ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ግን ካርዱ ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጻፍ።

ከዚያ ከራውተሩ ጋር በገመድ ይያያዝ። ብዙ ሰው ደኅና ቦታ ነው ብሎ ማማድ ውስጥ ሊያስገባው ያስባል፤ የማማድ ግድግዳ ወፍራም ኮንክሪት ስለሆነ ዋይፋይ በደንብ አያልፍበትም። ራውተሩ አጠገብ ይሁን፤ ከመስኮት ራቅ ይበል፣ የባሕሩን እርጥበትና ጨው የአሽዶድ ሰው ያውቀዋል። በሳጥኗ ላይም በአማርኛ «አይነቀል» ብላችሁ ለጥፉባት። የእናቴ ቤቷ አሁን ተለጥፎባታል።

ለፎቶ ኢሚች የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አሠራሩ የጉግል ፎቶን ይመስላል። ድምፅን፣ ደብዳቤንና ሌላውን ሁሉ የሚቀበለው ደግሞ ኔክስትክላውድ ነው፤ እሱም ነጻ ነው። ልጁን በግልጽ ይጠይቁት፦ «ፎቶው ይሄዳል፤ ድምፁስ?» በአንድሮይድ ዋትሳፕ ድምፁን ለብቻው አቃፊ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ያ አቃፊ በራሱ ወደ ሳጥኑ እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል። በአይፎን ግን አንዱን ንግግር ከነድምፁ ከዋትሳፕ ወደ ውጭ ማውጣት፣ በእንግሊዝኛ «ኤክስፖርት» የሚባለውን፣ በእጅ መሥራት ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው። ቢሆንም ይሠራ።

አሁን ስለ ሁለተኛው ዲስክ። ዲስክ ይሞታል፤ መቼ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ የሁሉም ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይኑር፤ ያ ዲስክም ሌላ ቤት ይቀመጥ። የእኛ ሌላ ሮቫ የምትኖር እህቴ ዘንድ ነው፤ በወር አንዴ ታመጣዋለች፣ ይገለበጣል፣ ይዛው ትሄዳለች። ለምን በሌላ ቤት እንዳልኩ፣ በዚህ ከተማ ሲረን እየሰማን ወደ ማማድ ለሮጥን ሰዎች ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ልጁ ወይም ልጅቷ ከሌላ ከተማ ሆነው ፎቶውን ማየት ይፈልጉ ይሆናል። ለዚህ ብለው የራውተሩን በር ወደ ውጭ እንዳይከፍቱ ይንገሯቸው። የተከፈተ በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ሌሊትና ቀን በኢንተርኔት ላይ ይዞራሉ። ቴይልስኬልን የመሰለ ፕሮግራም በራውተሩ ላይ ምንም ሳይከፍት የቤተሰቡን መሣሪያዎች ብቻ ያገናኛል። ልጁ ዝመናውንም በየጊዜው ይጫን።

የባንክ ኮድ እዚያ አይቀመጥ። ከሆስፒታል የተሰጠ የመውጫ ደብዳቤ ፎቶ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ እናቷን ድንገት ወደ ሚዩን የምትወስድ ልጅ ከፔላፎኗ ታወጣዋለች። የሚወስዱት መድኃኒት ዝርዝርና አለርጂ ካለብዎ እሱ ግን በወረቀት ተጽፎ የማቀዝቀዣው በር ላይ ይሁን። በ101 ተጠርቶ የመጣ ሰው የእናንተን ሰርቨር አይከፍትም።

ሰንበትን በተመለከተ ሁለት ሦስት እናቶች ጠይቀውኛል። ሳጥኗ እንደ ማቀዝቀዣ ናት፤ ከሰንበት በፊት በርታ ትቆያለች፣ ማንም አይነካትም። በሰንበት በራሷ ምንም እንዳትገለብጥ ሰዓት መወሰን ይቻላል። ከዚህ በላይ ያለውን ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ፤ የነርስ ሥራ አይደለም።

ስትገዙ

እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ «ሙሉ አድርገን እንተክላለን፣ በየወሩ እንከታተላለን» ብሎ በስልክ የሚሸጥ ሰው ሊደውል ይችላል። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ከደረሰ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ እንደሚቻል የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ይፈቅዳል። ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ የአዲስ ገቢ ምስክር ወረቀት ካገኙ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ ጊዜው አራት ወር ነው፤ ይህ የሚሆነው በግዢው ጊዜ ከሻጩ ጋር በስልክም ሆነ በመልእክት ንግግር ተደርጎ ከነበረ ነው። ዕቃው ጉድለት ከሌለበት ሻጩ ሊቀንስ የሚችለው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሽቅል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ስረዛውን በጽሑፍ ይላኩ፣ ቅጂውን ያስቀምጡ። ማንም ተካይ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ይዞ እንዳይሄድ።

ስለ ሥራም ትንሽ ልበል፣ ገጹ የሥራም ነውና። ይህን የሚሠራ ልጅ ሳያውቀው ሊኑክስ እየተማረ ነው። የኢንተርኔት ሰርቨሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በእሱ ነው፤ ሃይ ቴክ ውስጥ ሲስተም የሚያስተዳድሩ ሰዎችም በየቀኑ የሚነኩት እሱን ነው። የሠራውን ሁሉ ቅደም ተከተሉን ይዞ እንዲጽፍ ያድርጉት፤ ጽሑፉ ለቤቱ ያገለግላል፣ ለሥራ ሲያመለክትም የሚያሳየው ነገር ይሆናል። ከጦር ሠራዊት በኋላ በዚህ መስመር መቀጠል ለሚፈልጉ፣ ቴክ ካሪየር የኢትዮጵያ ተወላጆችን ለሃይ ቴክ ሥራ የሚያሠለጥን ድርጅት ነው፤ ደውለው ይጠይቁ። ወንድሜ እስካሁን አልወሰነም፤ እናቴ ግን ወስናለች።

በብዙ ቤት ካሴትም አለ። በአንድ ወቅት ቤተሰቡ ግማሹ እዚያ ግማሹ እዚህ ሆኖ ሳለ ደብዳቤ በድምፅ ተቀርጾ ይላክ ነበር። ካሴት እያረጀ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ከመገዛቱም በፊት ይህ ይቅደም። የሚሠራ ቴፕ ተፈልጎ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር የድምፅ መግቢያ ማገናኘትና መቅዳት ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አያት ተቀምጠው የሚናገረው ማን እንደሆነ ይንገሩ፣ ልጁ በፋይሉ ላይ ስሙን ይጻፍ። ስም የሌለው ድምፅ ከጥቂት ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

በእናቴ መሳቢያ፣ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ደብዳቤዎች ጋር፣ አንድ ወረቀት አለ። የሳጥኗ የይለፍ ቃል፣ ሁለተኛው ዲስክ ያለበት ቤት፣ ሳጥኗ ብትጠፋ ምን በቅደም ተከተል እንደሚደረግ በአማርኛና በዕብራይስጥ ተጽፎበታል። እህቴ ዲስኩን ባመጣች ቁጥር እናቴ አንድ ዓርብ ትመርጣለች፤ ያንን ምርቃት ከቅጂው አውጥተን እንሰማዋለን። ከተሰማ ዲስኩ ይሠራል ማለት ነው፣ እህቴም ይዛው ትሄዳለች።